ዞሮ የማይመለስ ባቡር

ክፍሉ 3 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ75 ነው። ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የእናቴ ግምጃ ቤት ሆኖ ቆይቷል፤ ሁለት ጆንያ ጤፍ፣ ክንፉ የተሰበረ ማራገቢያ፣ በዚያ ላይ ስድስት ብርድ ልብስ። በድሬዳዋ ሙቀት ስድስት ብርድ ልብስ ምን እንደሚያደርግላት ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ ሜትርና እርሳስ ይዤ ስገባ ተከትላኝ መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ባቡር ላስገባ ነው፣ እማዬ።»

«አባትሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐዲድ ሲከተል ኖሮ አንድ ቀን ቤት ይዞት አልመጣም» አለችና ጆንያውን ወደ በሩ መጎተት ጀመረች። ፈቃድ መሆኑ ነው።

አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሐዲዱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የላላውን ብሎን በድምፁ ያውቀዋል ይባል ነበር። እኔ ደግሞ የቤት ፕላን እነድፋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ያየሁት ደንበኛ ሁሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል። 140 ካሬ ሜትር ቦታ ይዞ ይመጣና አምስት መኝታ ቤት፣ ሁለት ሳሎን፣ ጋራዥ፣ ለሰርቪስ የተለየ ግቢ እና «ትንሽ አትክልት» ይጠይቃል። እኔም በትዕግሥት መሬቱ እንደማይለጠጥ አስረዳለሁ። አሁን ተራው የእኔ ሆነና ራሴን እንደዚያ ደንበኛ ሆኜ አገኘሁት። ለሞዴል ባቡሬ በመጀመሪያው ሉህ ላይ የሣልኩት ድሬዳዋን፣ ሽንሌን፣ አይሻን፣ ደወሌንና የጅቡቲን ወደብ ነው። በ2 ሜትር ከ75 ግድግዳ ላይ።

ከሁሉ በፊት ግን ስኬል፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ መምረጥ ነበረብኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁለት ወር የፈጀብኝ ይኸው ነው።

በዓለም ገበያ በብዛት የሚገኘው ኤችኦ የሚባለው ነው፤ 1 ለ87። ሁለቱ ሐዲዶች 16.5 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ይህን በ87 ብታባዙት 1435 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ስፋት መሆኑ ነው። እኔ የምፈልገው ግን አዲሱን አልነበረም። አሮጌው የኢትዮ-ጅቡቲ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ልክ 1 ሜትር ነው። 1 ሜትር ለ87 ሲካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ለዚህ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። የስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች ብዙዎቹ 1 ሜትር ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱ ሞዴላቸው ገበያ ላይ አለ። ዋጋውን አየሁ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቡና አፈላሁ።

ፈረንሳይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ባለቤቷ ኤን የሚባለውን አነስተኛ ስኬል፣ 1 ለ160፣ ሲያጠራቅም ኖሮ ሰልችቶታል። ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። «አንድ ሁለት ሞተር ልላክልሽ፣ አካላቸው ተሰብሯል እንጂ ይሄዳሉ» አለችኝ። 9 ሚሊ ሜትር ላይ የሚሄድ ሞተር እያለኝ እኔ የምሠራው አካል የግድ 1 ለ160 መሆን አለበት ያለው ማን ነው? 9ን በ120 አባዛሁ፤ 1080 ሆነ። ከእውነተኛው ሐዲድ በ8 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ በሞዴሉ ላይ ግን ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። አባቴ ቢያየው ያውቅ ነበር፣ ሌላ ሰው ግን አያውቅም። ስለዚህ ሐዲዱና ሞተሩ የኤን፣ አካሉና ሕንፃው 1 ለ120። ትልቅ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ቀን ስኮራ ከርሜ ኖሮ፣ ለካ የአውሮፓ ሞዴል ሠሪዎች ደረጃ ውስጥ ስም ወጥቶለት ተቀምጧል፤ ቲቲኤም ይሉታል።

በዚህ ስኬል 1 ኪሎ ሜትር 8 ሜትር ከ33 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሙሉውን መሥራት የፈለገ ሰው ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ከእኛ በር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈርን አልፎ ይሄዳል። አይሻና ደወሌ በዚያው ቀን ከንድፉ ወጡ፤ ሽንሌ ለሁለት ሳምንት ተከራክራ ወጣች።

ሁለተኛው ንድፍ ሞላላ ቀለበት ነበር። ሁሉም ጀማሪ የሚሥለው ይህንኑ ነው፤ ባቡሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ራዲየሱን 28 ሳንቲ ሜትር አደረግሁት፤ ለኤን ሞተር ይበቃል። በ120 ብናባዛው ግን 34 ሜትር ገደማ ነው፤ በእንዲህ ያለ ኩርባ ላይ እውነተኛ ባቡር ቢገባ ሐዲዱን ትቶ ሜዳ ላይ ይወጣል። ይሁን፣ ሁሉም ሞዴል ሠሪ እዚህ ላይ ይዋሻል። ጠረጴዛውን 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40 አድርጌ ክፍሉ መካከል ላይ አስቀመጥኩትና ፕላኑን በኩራት አተምኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየሁት ለጎረቤታችን ነው። ጡረተኛ የባቡር ነጂ ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ ስለነበሩ ከሕፃንነቴ ጀምሮ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሉሁን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ዞሮ ወደዚሁ ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን ይነሳል?»

መልስ አልነበረኝም። ጋሼ ሉሁን መለሱልኝና ደግሞ በጣታቸው አንድ ጥግ ነኩ። «ይሄ ክፍል በር የለውም እንዴ?»

ሃያ ሁለት ዓመት በር የሣልኩ ሰው በሩን ረስቼዋለሁ። ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር፣ ሲከፈት በቀጥታ ጠረጴዛዬን ይመታል። በኋላ አናጺ ጠርቼ ማጠፊያውን አዙሬ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግሁት፤ ነገር ግን በሩም ባይኖር ቀለበቱ ሞቶ ነበር። «ለምን ይነሳል?» ከተባለ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሦስተኛው ንድፍ የሐረር ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ አጼ ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ መጀመሪያ የታሰበው ከጅቡቲ ወደ ሐረር ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ሐዲዱ ታኅሣሥ 1895 እዚህ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጣቢያው ተተከለ፣ ሰፈሩ ዙሪያውን ገባ፣ ከተማችንም በዚያው ተወለደች። እኔ በሞዴሌ ታሪክ ላስተካክል፣ ሐረርን ከላይ በሁለተኛ ፎቅ ላስቀምጥ፣ ባቡሩ በደንገጎ ተራራ በኩል እየተጠማዘዘ ይውጣ። የሚያምር ሐሳብ ነው። እንግዲህ አንድ ሐዲድ በሌላው ላይ ለማለፍ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ትንሹ ሞተር አራት ፉርጎ ይዞ ያለ ችግር የሚወጣው ዳገት በ100 ሳንቲ ሜትር 2 ከግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት ብቻ 2 ሜትር ሐዲድ ይበላል፤ ፎቅ የሚያሰኝ ከፍታ ለማግኘት ደግሞ ሦስት አራት እጥፍ። ግድግዳዬ አለቀ። መስመሩን የዘረጉት ፈረንሳዮች በ1890ዎቹ ሐረርን የተዉበትን ምክንያት እኔ በአንድ ምሽት በካልኩሌተር ደረስኩበት። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ ይቅር ይበሉኝ።

ከዳገቱ ንድፍ የተረፈኝ አንድ ድልድይ ነበር። ጥግ ላይ፣ ሐዲዱ በሚታጠፍበት፣ ገደል መሰል ነገር በፎም ቆርጬ በላዩ ላይ ድልድይ ላደርግ ነበር። በሥዕሉ ላይ ከሁሉም ያማረው እሱ ነው። ጋሼ አይተውት ዝም አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው ከተነሱ በኋላ በሩ ላይ ቆመው «ኩርባና ድልድይ አንድ ላይ አታድርጊ» አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ላይ ባለ ኩርባ በፍጥነት ገብቶ ከሐዲዱ ሲወጣ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ድሬዳዋ ውስጥ በዚያ ዘመን ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ሰው አጥቷል። ድልድዩን በዚያው ሌሊት ከፋይሉ ላይ ደለትኩት። ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ትንሽ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ተካሁበት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄውን ቀየርኩ። ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ምን ይሠራል? እኔ በልጅነቴ ለአባቴ ምሳ ይዤ ስሄድ ያየሁት የሚያልፍ ባቡር አይደለም፤ የሚቆም ባቡር ነው። ሞተሩ ይፈታል፣ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ፉርጎዎች ይነጠላሉ፣ አንዱ ወደ ጥገናው ወርክሾፕ ይገፋል፣ ሌላው ለጅቡቲ አትክልት ሊጫንበት መጋዘኑ አጠገብ ይቀራል። ጩኸት፣ ፊሽካ፣ የመንጠቆ ድምፅ። ከመንገደኛው ይልቅ ይህ ነበር የሚያስደስተኝ። አንድ ፉርጎ ከአምስቱ መካከል መዝዞ ለማውጣት ሰው ምን ያህል እንደሚያስብ ከሩቅ ያየ አያውቅም።

ለዚህ የሚሆን ነገር ስፈልግ አላን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ የቀመረውን እንቆቅልሽ አገኘሁ። በእንግሊዝ አገር በትንሽ ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች እንደ ፊደል ገበታ ነው። ሦስት መስመር አለ፤ አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ሦስቱ የሚገናኙበት መሪ ሐዲድ ደግሞ ሞተሩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይችላል። ስምንት ፉርጎ ታስቀምጣላችሁ፤ ከስምንቱ አምስቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ በወጡበት ቅደም ተከተል ረጅሙ መስመር ላይ መሰለፍ አለባቸው። ሊወጣ የሚችለው የሰልፍ ዓይነት 6720 ነው። በቀን አንድ ብትሠሩ አሥራ ስምንት ዓመት ትጫወታላችሁ ማለት ነው።

ለካሁት። አሮጌው ጣቢያ አካባቢ የቆመ አንድ ፉርጎ በእርምጃ ስለካው ወደ 10 ሜትር መጣ፤ በእኔ ስኬል ከመንጠቆው ጋር 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል እንበል። አምስቱ 43 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስቱ 26። ሞተሩ 11። ሁለት የሐዲድ መቀየሪያ 13፣ 13። መሪ ሐዲዱን ጨምሮ ጠቅላላው ከ1 ሜትር ከ10 ብዙም አያልፍም። ግድግዳዬ ላይ ገና አንድ ሜትር ተኩል ይተርፈኛል! ደንበኞቼ ትርፍ ክፍል ሲያገኙ የሚያሰሙትን ድምፅ አሰማሁ።

የተረፈው ላይ ጣቢያው ገባ። ዋናው መስመር መሳፈሪያው ፊት ለፊት ያልፋል፤ ከጎኑ ሁለተኛ መስመር አለ፣ ሁለቱ በሁለቱም ጫፍ በመቀየሪያ ይገናኛሉ። ሞተሩ ባቡሩን ይዞ ገብቶ ይፈታል፣ በጎኑ መስመር አልፎ ከኋላ ይያያዛል፣ ወደመጣበት ይዞት ይሄዳል። በመቀየሪያዎቹ መካከል ለአምስት ፉርጎ የሚሆን 45 ሳንቲ ሜትር፣ በጫፉ ደግሞ ለሞተሩ መውጫ 15 ሳንቲ ሜትር ካልተረፈ ግን ይህ ሁሉ ሥዕል ነው። እኔ መጀመሪያ 9 ሳንቲ ሜትር ነበር የተውኩት። ሞተሩ ይወጣል፣ መቀየሪያው ግን ከሥሩ ሊነቃነቅ አይችልም። ወረቀት ላይ ስትሥሉ ሐዲዱን ሳይሆን ባቡሩን ሣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛው አሁን ኤል ቅርጽ ነው። ረጅሙ ክንፍ 2 ሜትር ከ70 በ55 ሳንቲ ሜትር። 55 ያደረግሁት የእኔ ክንድ በ1 ሜትር ከ15 ከፍታ ላይ እስከዚያ ስለሚደርስ ነው፤ ከሐዲድ የወጣ ፉርጎ ማንሳት የማትችሉበት ቦታ ላይ ሐዲድ አታድርጉ። አጭሩ ክንፍ በግራ ግድግዳ በኩል 1 ሜትር ከ60፣ ስፋቱ 30፤ እሱ ጅቡቲ ነው። መጋረጃ ይጋረድበታል። ባቡሩ በመጋረጃው ሥር ገብቶ ይጠፋል፣ እኔ በእጄ ፉርጎዎቹን ለዋውጬ እመልሰዋለሁ። በቀኝ በኩል ያለው አዲስ አበባ ግድግዳው ላይ ያልቃል።

ከየት አቅጣጫ እንደምናየው መወሰንም ቀላል አልነበረም። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ጣቢያውን ከአደባባዩ በኩል ነው። በዚያ በኩል ብናየው ግን ሕንፃው ሐዲዱን ይጋርደዋል። እኔ ከሐዲዱ ወገን ቆምኩ፤ የሠራተኛ ልጆች የምናውቀው የመሳፈሪያውን ፊት ነው። ከበስተጀርባው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጫፍ፣ ከዚያ ወዲያ ደቡብ ያሉት ተራሮች። ሕንፃው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የ4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ይኖረዋል፤ ጣሪያው እንኳ ግማሽ ነው። ልኩን ለመውሰድ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የቀባሁት የ1 ሜትር ዱላ ይዤ ሄድኩ። ዱላውን ከበር አጠገብ አስደግፎ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከፎቶው ላይ በሩን፣ ከበሩ ደግሞ ሌላውን ሁሉ መለካት ይቻላል። ጥበቃው ቀርቦ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና ዱላውን ተቀብሎኝ ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ፤ አሥራ አራቱም ፎቶ ላይ እጁ አለ። ሕንፃው በሙሉ ርዝመቱ ስለማይገባልኝ ከመስኮቶቹ የተወሰኑትን ቀነስኩ። ስንት እንደቀነስኩ ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ስለ ሙቀቱ ልናገር። ቤታችን ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ቆርቆሮው ግን ቆርቆሮ ነው። ሚያዝያ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት በክፍሉ ውስጥ 36 ዲግሪ ለካሁ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ 23። በዚህ ልዩነት 2 ሜትር ከ70 የሆነ የሞዴል ሐዲድ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሐዲዱን በሌሊት አጋጥሜ ብቸነክረው በቀትር ቦታ አጥቶ ወደ ጎን ይቀለበሳል። ስለዚህ ሐዲድ የምዘረጋው በ9 ሰዓት ነው፣ በላብ ተነክሬ፣ አፍ ለአፍ አጋጥሜ፤ ሌሊት ራሱ ክፍተቱን ይከፍታል። በቀዝቃዛ ሰዓት መዘርጋት ግድ ከሆነ በመጋጠሚያው መካከል ወፍራም ወረቀት አስገብቶ ማውጣት ነው። አባቴ በትልቁ ሐዲድ ላይ ያደርገው የነበረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጠረጴዛው ራሱ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፣ ከሥሩ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ እንጨት አለው። ቺፕውድ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ውኃ ከነካው ደግሞ እንደ ዳቦ ያብጣል። ለምስጥ እግሮቹን በአሮጌ ዘይት የተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አቁሜያቸዋለሁ። እናቴ ይህንን ብቻ ነው ያደነቀችው።

መብራት ስለሚጠፋ ኃይሉን ከባጃጅ ባትሪ አደረግሁት፤ 12 ቮልት ነው፣ ሞተሮቹም የሚፈልጉት እስከ 12 ቮልት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ባትሪ አያዝንም። ፉርጎ ወድቆ ሁለቱን ሐዲድ ካገናኘ የግድግዳ ትራንስፎርመር ራሱን ይከላከል ይሆናል፤ ባትሪ ግን ሽቦውን እስኪያቀልጥ ድረስ ይሰጣል። ከባትሪው መውጫ ላይ 1 አምፔር ፊውዝ አስገብቻለሁ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ሦስቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ መቀስ ነው።

አሸዋ ከደቻቱ አመጣሁ። የድሬዳዋን መሬት ለመሥራት ከደቻቱ አሸዋ የተሻለ ምን ቀለም ይገኛል? በቀጭን ወንፊት ነፋሁት፣ በምጣድ አመስኩት፣ ከዚያም ማግኔት በወረቀት ጠቅልዬ አሳለፍኩበት። ማግኔቱ ጥቁር ጢም አወጣ። ይህ የብረት ዱቄት ሳይወጣ ሐዲዱ አጠገብ ቢነሰነስ ኖሮ በሞተሩ ማግኔት ተስቦ ገብቶ ይጨርሰው ነበር፤ አሸዋ ለምትጠቀሙ ሁሉ ይህ እርምጃ አይታለፍም። እናቴ ምጣዷን ስትፈልግ መጥታ አሸዋውን አየች።

«ከየት ነው?»

ነገርኳት።

«የደቻቱን አሸዋ ቤት አታስገቢ» አለች፤ ምጣዱንም ሳትወስድ ወጣች። የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ የወሰዳቸውን ሰዎች እናቴ በስም ትቆጥራለች። አሸዋውን መልሼ ወሰድኩት። አሁን የማነሰንሰው ከግንባታ ቦታ የመጣ፣ ከየትኛው ወንዝ እንደሆነ ያልጠየቅሁት ነው። ቀለሙ ትንሽ ይነጣል፤ በሻይ አጥቤ አደበዝዘዋለሁ።

አካሎቹን ገና አልጀመርኩም። ሞተሮቹም አልደረሱም፤ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ ብላለች። እስከዚያ ፕላኑን በሙሉ ልኩ፣ 1 ለ1፣ በአምስት ሉህ አትሜ ኮምፔንሳቶው ላይ ለጥፌዋለሁ። ከካርቶን ስምንት ፉርጎና አንድ ሞተር ቆረጥኩ፣ ቁጥር ጻፍኩባቸው። በዚህ ብቻ ሁለት ስሕተት አገኘሁ፤ አንዱ መቀየሪያ ወደ ተሳሳተ ጎን ይከፈት ነበር፣ የመጋዘኑም መስመር ሦስተኛው ፉርጎ ላይ ግድግዳ ይነካ ነበር። ሐዲዱ ከተቸነከረ በኋላ ባገኛቸው ኖሮ አለቅስ ነበር።

ጋሼ በየምሽቱ ይመጣሉ። የእንግሊዛዊውን ሕግ ከነገርኳቸው በኋላ በራሳቸው ሕግ ጨመሩበት። 4 ቁጥር ነዳጅ የጫነ ነው፣ ከሞተሩ ቀጥሎ አይገባም። 7 ቁጥር የቁም ከብት ነው፣ ፀሐይ ላይ አይቆይም፣ መጀመሪያ ይወጣል። 2 ቁጥር ፍሬኑ አይይዝም፤ ለምን እንደማይይዝ ስጠይቃቸው «ሁልጊዜ አንድ አለ» አሉኝ። ካርቶኑን በአንድ ጣት እየገፉ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ ያጉረመርማሉ፤ የሞተሩ ድምፅ መሆኑ ነው። የመስኮቶቹንም ነገር ደረሱበት፤ አንድ ማታ ጣታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬዱ ቆጠሩና «የቀሩት የት ሄዱ?» አሉኝ።

«አልበቃኝም፣ ጋሼ።»

«እ።»

ትናንት ዕጣው 3፣ 8፣ 1፣ 5፣ 6 ወጣ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሰልፉን አስተካከሉ፤ ደስ ብሏቸው ተነሱ። 7 ቁጥርን ግን መጋዘኑ አጠገብ፣ ዛፍ እንዲሆን ያቆምኩት የወረቀት ጥቅል ጥላ ሥር ትተውት ነበር። ልሰበስበው እጄን ስዘረጋ ከበሩ ላይ ዞር አሉ።

«እንዳትነኪው። ጠዋት ከጅቡቲው ጋር ይወጣል።»

መብራቱን አጥፍቼ በሩን ወደ ውጭ ከፍቼ ወጣሁ።